የቀንበሩ ሕልም በትልቁ መጋረጃ

ምናባዊ ፊልም የሚባለው በገሃዱ ዓለም የማይሆነውን፣ ሕልሙንና ራእዩን፣ የዘመን መሻገሩንም ጭምር፣ እንደ ሆነ አድርጎ ለዓይን የሚያቀርብ የፊልም ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ ውስጥ የዚህን ዓይነት ሥራ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ሊያየው የሚገባው፣ ብዙዎች የገበሬውን ኑሮ እንዳለ የሚያሳይ ፊልም ብቻ አድርገው የሚቆጥሩትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ነው።

ጎንደር ተወልደው ያደጉት ኃይሌ ገሪማ፣ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ይማሩ በነበረበት ወቅት፣ በ1966 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ዘውዱ እየተናጋ ደርግም ገና ሥልጣኑን ጠቅልሎ ሳይዝ በተገኘው አጭር ክፍተት ይህን ፊልም ቀረጹ። ሥራው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ፣ በአማርኛ የሚነገርና በአብዛኛው ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ በአንድ ባለመሬት ሥር የሚኖር የጭሰኛ ቤተሰብንና መሬቱን ተነጥቆ ሰዉ እብድ የሚለውን ከበበን ይከተላል። ጭሰኛ ማለት የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ የሚያካፍል ገበሬ ነው።

ፊልሙ የዕለት ሥራን፣ ማረሱን፣ ከብት መጠበቁን፣ ደጅ መጥናቱን፣ ትዕግሥት በሚጠይቅ ዝግታ ሲያሳይ ይቆይና በድንገት ወደ ሕልም ይሻገራል፤ በዚያም ሰዎች በበሬ ፈንታ በቀንበር ተጠምደው፣ ከኋላቸው ጅራፍ እየተነሣባቸው መሬት ሲያርሱ ይታያሉ። ይህ ትዕይንት የፊልሙ ጌጥ ሳይሆን ዋናው ክርክሩ ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ብሎ በዝግታ የታየው ሁሉ ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የዋሸራና የጎንጂ ቅኔ ቤቶች አገር ለሆነው ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በቅኔ ላይ ላዩን የሚታየው መልእክት ሰም፣ ከሥሩ የተሰወረው ወርቅ፣ ሁለቱን በአንድነት የሚይዘው ቃል ደግሞ ኅብረ ቃል እንደሚባል የታወቀ ሲሆን፣ «ጠመደ» የሚለው ግስ በሬን ከቀንበር ማግባትንም ሰውን በክፉ መያዝንም ስለሚናገር፣ የሕልሙ ምስል በአማርኛ የታሰበ ኅብር ነው ማለት ይቻላል።

እርግጥ የጎጃም የመሬት ሥሪት በፊልሙ ከሚታየው ይለያል። ጭሰኝነት ይበልጥ የተስፋፋው በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ሲሆን፣ በጎጃም የጸናው ከአባት ከእናት በትውልድ የሚወረሰው ርስት ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀውም አንድም ርስቱን የሚያሳጣው መስሎት ነው። ይሁን እንጂ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ገበሬዎችን በፊታውራሪ መሸሻ ላይ እንዳስነሡ የሚያስታውስ አንባቢ፣ የከበበ ቁጣ ከየት እንደሚመነጭ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ፊልሙ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዜ ድጋፍ ሰጥተውት፣ በጣልያን ቦሎኛ ከተማ ታድሷል። የፊልም እድሳት ሲባል፣ በዕድሜ ብዛት የተጫረውን፣ የደበዘዘውንና የተቆራረጠውን ፊልም ማጽዳት፣ ብርሃኑንና ድምፁንም በተቻለ መጠን መጀመሪያ ወደ ነበረበት መመለስ ማለት ነው። ይህ ድካም ፍሬ የሚሰጠው ግን በጨለማ አዳራሽ፣ በትልቅ መጋረጃ ላይ ሲታይ ነው፤ ኃይሌ ገበሬውን ከሩቅ፣ በሰፊው ሜዳ ላይ እንደ ነጥብ አሳንሰው ስለሚያሳዩት፣ በስልክ ለሚያይ ሰው ያ ነጥብ ጨርሶ ይጠፋል፤ ዝግታውም እጁ ወደ ሌላ ነገር ለሚሮጥ ተመልካች መሰልቸት ይሆናል።

በዚህ ፊልም ውስጥ አፍታ የሚቆየው ሕልም በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው የኃይሌ ፊልም፣ በ«ሳንኮፋ»፣ ሙሉ ታሪክ ሆኗል፤ በጋና ኬፕ ኮስት ምሽግ ፎቶግራፍ የምትነሣ ዘመነኛ ሴት ወደ ባርነት ዘመን ተወስዳ ራሷን በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ታገኘዋለች። «ሳንኮፋ» በአካን ቋንቋ ተመልሰህ አምጣ ማለት ሲሆን፣ ይህም ፊልም ታድሶ በ2021 እ.ኤ.አ. እንደገና ለተመልካች ቀርቧል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለደብረ ማርቆስ ሕዝብ በሰፊ አዳራሽ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። በውጭ አገር የሚያየው ሰው የከበበን ንግግር ለመከተል ዓይኑን በየጊዜው ከመጋረጃው ግርጌ ወደ ሰፈረው ትርጉም ማውረድ ግድ ይሆንበታል። ማርቆስ ላይ ግን ጆሮ ንግግሩን በራሱ ስለሚቀበል፣ ዓይን ሳይነቀል ከቀንበሩ ጋር ይቆያል፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ተመልካችም ያንኑ ቀንበር በበሬዎች ጫንቃ ላይ ያገኘዋል።