በአሜሪካ ለታሰረ ምእመን የምክር ቤት እንደራሴ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በአሜሪካ ከሚኖሩ ምእመናን አንዱ በኢሚግሬሽን አስፈጻሚዎች ሲያዝ፣ ወሬው በሀገር ቤት ላሉ ዘመዶች ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ለአጥቢያው ካህን ይደርሳል። ካህኑ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ይመክራል፤ «ለኮንግረስ ሰው እንጻፍ» የሚል አሳብም ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን እንደራሴው ምን ሥልጣን እንዳለው፣ ምንስ እንደሌለው ሳይታወቅ የሚጻፍ ደብዳቤ ወይ ከንቱ ተስፋ ያሳድራል፣ ወይ የታሰረውን ሰው ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ እትም የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በኢሚግሬሽንና በድንበር ጥበቃ ሥራ ላይ ያለውን የቁጥጥር ሥልጣን ለማስረዳት ወደድን። በጽሑፉ የተጠቀሱት የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መሥሪያ ቤቶቹን መለየት ያስፈልጋል። ቀድሞ የኢሚግሬሽን ሥራ በአመዛኙ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ይካሄድ ነበር። በ2001 ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ኮንግረስ በ2002 ባወጣው ሕግ የሀገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴርን አቋቋመ፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ሥራም በ2003 ለሦስት ተከፈለ። አንዱ የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ማመልከቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ድንበርንና የአየር ማረፊያ መግቢያዎችን ይጠብቃል፤ ሦስተኛው፣ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን «አይስ» የሚሉት፣ በሀገር ውስጥ ሰው ይይዛል፣ ያስራል፣ ከሀገር ያስወጣል። የኢሚግሬሽን ዳኞች ግን ዛሬም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ለአሳሪው የሚጻፈውን ለዳኛው፣ ለዳኛው የሚቀርበውን ለአሳሪው የሚልክ ቤተሰብ ብዙ ውድ ቀናት ያባክናልና።

እነዚህን መሥሪያ ቤቶች የሚቈጣጠረው ማን ነው? በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለ ሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ የለውም። የመመርመር ሥልጣኑ ሕግ ከማውጣትና በጀት ከመፍቀድ ሥልጣን የተወለደ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1927 በሰጠው ፍርድ ይህን አጽንቶታል። ሕግ የሚያወጣ ሰው ሕጉ እንዴት እየተሠራበት እንደ ሆነ የማወቅ መብት አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማወቅና ማዘዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ከጃግዲሽ ቻዳ ጉዳይ በተሻለ የሚያስረዳ ታሪክ አላገኘንም። ቻዳ ከሕንዳውያን ወላጆች በኬንያ የተወለደ፣ የብሪታንያ ፓስፖርት የያዘ ወጣት ነበር። በ1966 በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ ገባ፤ ቪዛው በ1972 አበቃ። ወደ ኋላ መመለስ ጽኑ ችግር ላይ እንደሚጥለውና ጠባዩም መልካም እንደ ሆነ የተረዳው የኢሚግሬሽን ዳኛ በ1974 ከሀገር እንዲወጣ የሚያደርገውን ሂደት አገደለት። በዚያን ዘመን ሕግ ግን ከሁለቱ የኮንግረስ ምክር ቤቶች አንዱ ብቻውን በውሳኔ እንዲህ ያለውን ምሕረት ሊሽር ይችል ነበር። በታኅሣሥ 1975 የተወካዮች ምክር ቤት 340 ከሚሆኑ ባለ ጉዳዮች መካከል ስድስቱን፣ ቻዳንም ጨምሮ፣ ምሕረቱ አይገባቸውም አለ። የውሳኔው ጽሑፍ ታትሞ ለአባላቱ አልታደለም፤ ክርክርም አልተደረገበትም። ቻዳ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1983፣ በሰባት ድምፅ በሁለት፣ አንድ ምክር ቤት ብቻውን እንዲህ ሊያዝዝ አይችልም ሲል ፈረደ። ኮንግረስ ማዘዝ ከፈለገ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለፈና ለፕሬዚዳንቱ የቀረበ ሕግ ማውጣት አለበት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ እንደራሴ ብቻውን «ይፈታ» ሊል አይችልም፤ «ይባረር»ም ሊል አይችልም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የምክር ቤት ቁጥጥር ሁልጊዜ ወደ ርኅራኄ ያዘነበለ አይደለም። በቻዳ ላይ የተነሣው ምክር ቤቱ ራሱ ነበር። በጥር 2025 የወጣው ሕግም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የገባ ሰው ከሱቅ ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ ቢያዝ ወይም ቢከሰስ፣ ጥፋተኛ መባሉ ሳይጠበቅ እንዲታሰር ያዝዛል። በአንድ ወቅት ኮንግረስ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ ያወጣ ነበር፤ ዛሬ ይህ እጅግ ብርቅ ነውና ማንም ተስፋውን በዚያ ላይ እንዳይጥል እንመክራለን።

እንግዲህ ለእንደራሴው የቀረው መሣሪያ ገንዘብና ጥያቄ ነው። ኮንግረስ የመሥሪያ ቤቶቹን በጀት በየዓመቱ ሲፈቅድ ሁኔታ ያስቀምጣል። ከ2019 ወዲህ በበጀት ሕጉ ውስጥ የሚገባ አንድ ድንጋጌ አለ፤ የኮንግረስ አባል ለቁጥጥር ሥራ ወደ ኢሚግሬሽን እስር ቤት እንዳይገባ ለመከልከል የተፈቀደው ገንዘብ ሊውል አይችልም፣ አባሉም አስቀድሞ እንዲያስታውቅ አይገደድም ይላል። ረዳቶቹን ግን የ24 ሰዓት ማስታወቂያ መጠየቅ ይቻላል። በ2025 ሚኒስቴሩ ከእንደራሴዎች የሰባት ቀን ማስታወቂያ መጠየቅ ጀመረ፤ አሥራ ሁለት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከሰሱ፤ የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛም በታኅሣሥ 2025 መመሪያውን አገዱ። በቀጣዩ ወር ሚኒስቴሩ ያንኑ መመሪያ መልሶ አወጣ፤ በዚህ ጊዜ ያቀረበው ምክንያት ሥራው የሚካሄደው ከዓመታዊው በጀት ሳይሆን ከሌላ ገንዘብ ነው የሚል ነበር።

ያ ሌላ ገንዘብ በሐምሌ 2025 በጸደቀ ሕግ የተሰጠ ነው። ሕጉ ለአይስ ብቻ ወደ 75 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ከዚህም 45 ቢሊዮኑ ለእስር ቤቶች ነው፣ እስከ መስከረም 2029ም ይቆያል። የሰበካ ጉባኤ አባላት ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ከዓመታዊው በጀት ውጭ የገባ ገንዘብ ኦዲት ለማድረግ ያስቸግራል። በየዓመቱ እጁን ለበጀት የሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ጥያቄ ለመመለስ ይፈጥናል፤ የብዙ ዓመት ስንቁን በአንድ ጊዜ የተቀበለ ግን ያን ያህል አይቸኩልም። እንደ እኛ አስተያየት የቁጥጥሩ መዳከም ዋና ምክንያት ከጉብኝቱ ክርክር ይልቅ ይህ ነው።

ጥያቄው ግን ዛሬም ዋጋ አለው። እያንዳንዱ የኮንግረስ አባል በወረዳው ጽሕፈት ቤት የባለ ጉዳዮችን አቤቱታ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉት፤ እነርሱም ከአይስ ጋር የሚጻጻፉበት የታወቀ መንገድ አላቸው። ሰውየው የት እንደ ታሰረ፣ መድኃኒቱን ማግኘት አለማግኘቱን፣ ማመልከቻው የት እንደ ቆመ ሊጠይቁ ይችላሉ። ብዙዎች ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ተይዘው ወደ ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ ስለሚዛወሩ፣ «የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መጠየቅ ያለበት በተለምዶ ታሳሪው ወይም ቤተሰቡ የሚኖርበት ወረዳ እንደራሴ እንጂ እስር ቤቱ ያለበት አካባቢ እንደራሴ አይደለም። የክፍለ ግዛቱን ሁለት ሴናተሮችም መጠየቅ ይቻላል። በዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ ምእመናን ሴናተር የላቸውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለቻቸው አንዲት ወንበርም በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ የማትቈጠር ናት፤ ቢሆንም ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ ይቀበላል። በሀገር ቤት ያለች እናት በቀጥታ ብትጽፍ ግን መልስ የማግኘቷ ነገር ያጠራጥራል፤ ደብዳቤው በዚያ በሚኖር ዘመድ ወይም በአጥቢያው በኩል ቢሄድ ይሻላል።

ጽሕፈት ቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈቃድ ቅጽ ነው። በ1974 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ሆኖት፣ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የአንድን ሰው ፋይል ለእንደራሴ የሚገልጠው ባለ ጉዳዩ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ ምእመናን የፈረሙበት የድጋፍ ደብዳቤ ታሳሪው ራሱ የፈረመበትን አንድ ቅጽ አይተካም። ቅጹን በጠበቃው በኩል ወይም በፖስታ አስልኮ ማስፈረም ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ታሳሪው ጥገኝነት የጠየቀ ከሆነ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ለሀገሩ ኤምባሲ ማስታወቅ፣ ስሙንና ምክንያቱን በዐውደ ምሕረት መናገር ወይም በፌስቡክ ማውጣት በእርሱም በሀገር ቤት ባሉ ቤተሰቦቹም ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ የጥገኝነት ማመልከቻ በምስጢር እንዲያዝ ያዝዛል፤ አጥቢያው ያንኑ ምስጢር ማፍሰስ የለበትም። ጸሎት ለማድረስ የክርስትና ስሙ ይበቃል።

ለመሥሪያ ቤት ግን የክርስትና ስም አይጠቅምም። ካህኑ ኃይለ ሚካኤል ብሎ የሚያውቀው ሰው በፓስፖርቱ ሌላ ስም አለው፤ የአባቱም ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። አይስ ታሳሪዎችን ለመፈለግ ባዘጋጀው የኢንተርኔት መዝገብ አንድ ፊደል ቢሳሳት ሰው ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ያሉ አጥቢያዎች ፈቃደኛ ከሆኑ አባላት ስማቸውን በፓስፖርቱ እንደ ተጻፈ፣ የትውልድ ሀገራቸውን፣ «ኤ» በሚለው ፊደል የሚጀምረውን የኢሚግሬሽን ፋይል ቍጥራቸውንና የጠበቃቸውን ስልክ በታሸገ ፖስታ ተቀብለው ቢያስቀምጡ መልካም ነው። ፖስታው ከአባልነት መዝገቡ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ቍልፉም ጉባኤው በመረጣቸው ሁለት ሰዎች እጅ ብቻ እንዲሆን እንመክራለን።