የአልኮል መጠጥ ታክስና የሽያጭ ደንብ በተራው ሸማች ላይ ያለው ውጤት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

መግቢያ

በደብረ ብርሃን ከተማ የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች እንዲሁም የቦርትማልት የብቅል ፋብሪካ ይገኛሉ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስ ከፊሉ በእነዚህ ፋብሪካዎች በኩል አልፎ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከፊሉ ደግሞ በየቤቱ ብቅል ሆኖ፣ ከጌሾና ከእንኩሮ ጋር ተጠንስሶ፣ ጠላ ወይም አረቄ ይወጣዋል። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በአንኮበር፣ በገበያ ቀን ለሚወጣው ሰው ሁለቱም መጠጦች ይቀርቡለታል። ሁለቱ ገበያዎች ጎን ለጎን ቢኖሩም ሕጉ የሚመለከታቸው እኩል አይደለም። ጠርሙሱ ታክስ፣ የዕድሜ ገደብና የማስታወቂያ ክልከላ አለበት፤ ጣሳውና መለኪያው ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ የአልኮል መጠጥ ታክስና የሽያጭ ደንቦች በሥራ ላይ ሲውሉ ተራውን ሸማች በምን መንገድ እንደሚነኩት ያብራራል። መነሻው የሕጎቹ ይዘትና ቀላል ስሌት ነው። በስሌቶቹ ውስጥ የተጠቀሱት የብር መጠኖች ለማብራሪያ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤቶች አይደሉም።

ታክሱ ወደ ጠርሙሱ ዋጋ የሚገባበት መንገድ

በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ማንኛውም ዓይነት ቢራ የ50 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይከፈልበት ነበር። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ በቢራ ላይ የጣለው ምጣኔ 40 በመቶ ወይም በሊትር 11 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ሆነ። ግብዓቱ በአብዛኛው የአገር ውስጥ ምርት ለሆነ ቢራም ዝቅ ያለ ምጣኔ ተፈቀደ። ላይ ላዩን ለሚያነበው ሰው ምጣኔው ከ50 ወደ 40 በመቶ መውረዱ የታክስ ቅናሽ ይመስላል። ይሁንና ከምጣኔው ጋር የታክሱ መሠረትም ተለውጧል። በቀድሞው አዋጅ ታክሱ የሚሰላው በማምረቻ ወጪ ላይ ነበር፤ በአዲሱ አዋጅ ግን በፋብሪካው የመሸጫ ዋጋ ላይ ሆኗል።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ጠርሙስ ቢራ የማምረቻ ወጪ 14 ብር፣ ከታክስ በፊት ያለው የፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ደግሞ 20 ብር ነው እንበል። በቀድሞው ሥርዓት የ14 ብር 50 በመቶ 7 ብር ይሆናል። በአዲሱ ሥርዓት የ20 ብር 40 በመቶ 8 ብር ነው። ምጣኔው ዝቅ ብሎ ሳለ የሚከፈለው ታክስ ጨምሯል። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ኤክሳይሱን ባካተተው 28 ብር ላይ ሲሰላ 4 ብር ከ20 ሳንቲም ይጨመራል፤ ዋጋውም 32 ብር ከ20 ሳንቲም ይደርሳል። የአከፋፋዩና የቸርቻሪው ትርፍ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ሸማቹ በጠረጴዛው ላይ የሚያየው ግን አንድ ድምር ብቻ ስለሆነ የትኛው ታክስ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ታክስ በተሻሻለ ቁጥር ቸርቻሪው ዋጋውን ወደሚቀርበው አሥር ብር ቢያጠጋጋ፣ ጭማሪው ከታክሱ በላይ መሆኑን የሚነግረው የለም።

"ከሁለቱ የሚበልጠው" የሚለው ደንብ

አዋጁ በሊትር የተወሰነ ብር ያስቀመጠው መጠጥ እጅግ ረክሶ እንዳይሸጥ የሚከላከል ወለል እንዲሆን ነው። ሆኖም ወለሉ በብር ቁጥር ስለተጻፈ የዋጋ ንረት ያሳንሰዋል። የ11 ብሩ ወለል ከ40 በመቶው የሚበልጠው የአንድ ሊትር የፋብሪካ ዋጋ ከ27 ብር ከ50 ሳንቲም በታች ሲሆን ብቻ ነው። ይህ በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲመነዘር 9 ብር ገደማ ይመጣል። የፋብሪካ ዋጋ ከዚህ ካለፈ በኋላ የሚሠራው መቶኛው ነው፤ ወለሉ በወረቀት ላይ ቢኖርም በሸማቹ ላይ ኃይል የለውም።

መቶኛ ታክስ በበኩሉ የራሱ ጠባይ አለው። የሚከተለው ዋጋን እንጂ በመጠጡ ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን አይደለም። ውድ ቢራ ከርካሽ ቢራ የበለጠ ታክስ ይከፍላል፤ የሁለቱ ጥንካሬ አንድ ቢሆንም። ስለዚህ ታክሱ ሲጨምር ሸማቹን ወደ ርካሹ ምርት የመግፋት ዝንባሌ አለው። በደብረ ብርሃን ሁኔታ ርካሹ ምርት ብዙውን ጊዜ ሌላ ቢራ አይሆንም።

ታክሱ የማይደርስበት ገበያ

ኤክሳይስ ታክስ የሚሰበሰበው ከአስመጪዎችና ፈቃድ ካላቸው አምራቾች በር ላይ ነው። ጠላና አረቄ በየቤቱ፣ በአብዛኛው በሴቶች እጅ፣ በጥቂት እንስራና በአንድ ምድጃ ስለሚዘጋጁ ለዚህ ዓይነቱ አሰባሰብ አይመቹም። በመሆኑም በቢራ ላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ብር በጠርሙሱና በመለኪያው መካከል ያለውን የዋጋ ርቀት ያሰፋል።

ይህ ርቀት ለጤና የሚኖረው ትርጉም የሚታየው ዋጋውን በአልኮል መጠን ስናካፍለው ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ቀደም ባሉ የላቦራቶሪ ጥናቶች ተራ አረቄ በአማካይ 34 በመቶ፣ ዳግም አረቄ 46 በመቶ ገደማ አልኮል እንዳላቸው ተመዝግቧል። አንድ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ተራው አረቄ 17፣ ዳግሙ ደግሞ 23 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይኖረዋል። አንድ መለኪያ ተራ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር ይተካከላል፤ ዳግሙ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጠዋል ማለት ነው። ቢራውን በዋጋው ምክንያት ትቶ ሁለት መለኪያ ዳግም የሚጠጣ የቀን ሠራተኛ ገንዘብ ቆጥቦ ሊሆን ይችላል፤ የወሰደው አልኮል ግን ወደ ሦስት ጠርሙስ ቢራ የተጠጋ ነው። በመለኪያው ላይ ይህን የሚነግረው ጽሑፍ አልተለጠፈም።

ጠላ ከዚህ የተለየ ነው። አልኮሉ ዝቅተኛ ስለሆነ ወደ ጠላ የሚደረግ ሽግግርና ወደ አረቄ የሚደረግ ሽግግር አንድ ላይ ሊደመሩ አይገባም። "ባህላዊ መጠጥ" የሚለው የወል ስም በብዙ ጥናቶች ውስጥ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ስለሚያስቀምጣቸው፣ ለፖሊሲ የሚያስፈልገውን ዋና ልዩነት ይሸፍናል።

የዕድሜና የማስታወቂያ ደንቦች

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍም አድርጓል። የማስታወቂያው ክልከላ የሚያነጣጥረው በጥቂት ትላልቅ ኩባንያዎች ላይ ስለሆነ አፈጻጸሙን መከታተል ቀላል ነው። የዕድሜው ገደብ ግን በእያንዳንዱ ሻጭ እጅ የሚፈጸም ነው። በግሮሰሪ መታወቂያ መጠየቅ ይቻል ይሆናል። ሻጯ ጎረቤት፣ ገዢው የጎረቤት ልጅ በሆነበት መንደር ግን ጥያቄው ራሱ እንግዳ ነው። በክርስትና፣ በማኅበርና በሰንበቴ ጠላ የሚቀርበውም እንደ ሸቀጥ ሳይሆን እንደ መስተንግዶ ስለሆነ "ሽያጭ" የሚለው የሕጉ ቃል አይይዘውም።

ለሸማቹ ሌላም ዋጋ አለ። ቢራ ወደ ቤት ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ባዶ ጠርሙስና ሳጥን ማምጣት፣ አለበለዚያ ማስያዣ መክፈል ይጠበቅበታል። ከከተማ ርቆ ሠርግ ለሚደግስ የገጠር ቤተሰብ ማስያዣውና የመመለሻ ትራንስፖርቱ በቢራው ዋጋ ላይ የሚታከሉ ወጪዎች ናቸው። በአንጻሩ የቤት ጠላ የራስን ገብስና የራስን ጉልበት እንጂ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም አይጠይቅም።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው የኬንያ ልምድ ነው። ሴኔተር ኬግ የተባለው ርካሽ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ሲቀርብ፣ መንግሥት ሕገ ወጥ መጠጥን እንዲተካ በማሰብ የኤክሳይስ ታክስ እፎይታ ሰጥቶት ነበር። በ2013 የ50 በመቶ ታክስ ሲጣልበት ሽያጩ በእጅጉ አሽቆለቆለ። በ2014 በሜታኖል የተመረዘ ሕገ ወጥ መጠጥ የጠጡ በርካታ ኬንያውያን ሞቱ። ሞቱን ለታክሱ ብቻ መስጠት ባይቻልም፣ በ2015 እፎይታው ወደ 90 በመቶ መመለሱ መንግሥቱ ስለ ተተኪ ምርቶች የደረሰበትን ድምዳሜ ያመለክታል።

ስኮትላንድ ደግሞ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአልኮል መጠን ላይ የተመሠረተ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ወስናለች፤ በመስከረም 2024 መጨረሻም ወለሉን ከ50 ወደ 65 ፔንስ አሳድጋለች። ይህ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል፤ ወለል በአልኮል መጠን ሊለካ ይችላል፣ ከዋጋ ንረት ጋርም በየጊዜው መታደስ አለበት። ነገር ግን ስኮትላንድ ውስጥ አልኮል በአብዛኛው የሚሸጠው በተመዘገቡ መደብሮች ነው። ያን ሥርዓት እንዳለ ወስዶ አረቄ በየጓዳው በሚወጣበት አገር መትከል አይቻልም።

ማጠቃለያ

የአልኮል ታክስ ዓላማው ገቢ ብቻ ከሆነ አሁን ያለው ሥርዓት ሥራውን ይሠራል። ዓላማው ጤናም ከሆነ ግን ሸማቹ ቢራውን ሲተው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ግድ ይላል። ቢተው ውኃ ይጠጣል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ወይስ ዳግም አረቄ? መልሱ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ለደመወዝተኛና ለቀን ሠራተኛም እንዲሁ።

ስለዚህ ወደፊት የሚደረግ የቤተሰብ ወጪ ጥናት ሦስት ነገሮችን ቢያካትት ይጠቅማል፦ ዋጋን በጠርሙስ ወይም በመለኪያ ብቻ ሳይሆን በንጹሕ አልኮል መጠን መመዝገብ፣ ጠላንና አረቄን ለያይቶ መጠየቅ፣ እንዲሁም ለመጠጥ የወጣው ብር ከየትኛው የቤት ወጪ እንደተቀነሰ መከታተል። ከደንብ አንጻር ደግሞ አረቄ አውጪዎችን ከማሳደድ ይልቅ በማኅበር አደራጅቶ የምርታቸውን ጥንካሬና ንጽሕና መለካት የተሻለ መነሻ ይሆናል። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚሁ ሥራ ነው፤ መተዳደሪያቸውን የሚያሳጣ ደንብ ምርቱን ከማጥፋት ይልቅ ከዓይን ያርቀዋል። ከዓይን የራቀ መጠጥ ደግሞ ታክስም፣ ምርመራም፣ የዕድሜ ገደብም አይደርስበትም።