መኪናዎ ከኋላ ሲንኳኳ፡ ሾክ ከመግዛትዎ በፊት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። አሮጌ መኪና ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር ያለ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን በእጃችን ያለችውን መኪና እየጠገንን መንዳታችን የግድ ነው። ጥገናው ግን ከምርመራ መጀመር አለበት። ሐኪም ሳይመረምረን መድኃኒት ቢያዝልን ዝም እንደማንለው ሁሉ፣ መካኒክም ሳይመረምር «ይህ ይቀየር» ሲለን ለምን ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

ነገሩን በራሴ መኪና ላስረዳ። የምነዳት እ.ኤ.አ. የ1992 ስሪት ቶዮታ ሴሊካ ናት። ካርሎስ ሳይንዝ በዚያው ዓመት የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ ትውልድ ሴሊካ ነበር። እርግጥ የሱ በአራቱም ጎማዋ የምትነዳ ነበረች፤ የእኔዋ በፊት ጎማዎቿ ብቻ ናት። ይቺ መኪና ከኋላ በቀኝ በኩል «ቋ፣ ቋ» ማለት ጀመረች። የወሰድኳት ጋራዥ ዞር ዞር ብሎ አየና «ሁለቱም የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ይቀየሩ» አለኝ። ለዚህች መኪና የሚሆን ሾክ ደግሞ ሱማሌ ተራም ቢሆን እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ከመግዛቴ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ወሰንኩ።

ከኋላ ምን አለ?

የሴሊካ የኋላ እግር ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተገጠሙበት ነው። በየጎኑ ሁለት አግድም ዘንጎች ጎማው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዙታል፤ ሦስተኛው ዘንግ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይንሸራተት ያግደዋል። ስታቢላይዘር የሚባለው ብረት ግራና ቀኙን አገናኝቶ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳትጋደም ያደርጋል። የዘንጎቹ ጫፎች የሚያዙት በጎሚኒ ነው፤ በየጎኑ ስድስት፣ በጠቅላላው 12 መሆኑ ነው።

ጎሚኒ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ደግሞ በተነዳው ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። «መኪናዋ ብዙ አልሄደችም» የሚለው አባባል ከ30 ዓመት በኋላ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣው

የዕቃ መጫኛውን ሙሉ በሙሉ ባዶ ያድርጉ። ክሪኩ፣ ስኮርታ ጎማውና ቺያቬዎቹ ሁሉ ይውጡና መኪናውን ይንዱት። ድምፁ ከጠፋ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ቀጥሎ የጎማ ዳዶዎችን ይፈትሹ፤ ላልተው ከተገኙ ሳያጠብቁ አንድ ሜትርም አይሂዱ። ሦስተኛው ማርሚታው ነው። ሲቀዘቅዝ በእጅ ወዘወዝ ያድርጉት፤ የተንጠለጠለበት ላስቲክ ከተበጠሰ ከታች እየመታ የእግር ችግር ይመስላል።

ድምፁ መቼ ይሰማል?

ዋናው ጥያቄ «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» ሳይሆን «መቼ ነው የሚሰማው?» የሚለው ነው። ለዚህ ምርመራ ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው የሰፈር መንገዶቻችን ጥሩ ቦታ ናቸው።

ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄዱ፣ ግራና ቀኝ ጎማ በየተራ ከፍ ዝቅ ሲል «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የስታቢላይዘሩ ሊንክ ነው። ሁለቱም ጎማዎች እኩል የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲወጡ ስታቢላይዘሩ ስለማይጠመዘዝ ሊንኩ ላይ ጫና አይበዛም። ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ የሚጮህ፣ ጉብታ ላይ ዝም የሚል መኪና ትልቅ ፍንጭ እየሰጠ ነው።

ሲነሱና ፍሬን ሲይዙ አንድ ጊዜ «ጓ» ካለ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒ መፈተሽ አለበት። ቀስ ብሎ ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነ የደረቀ ላስቲክ ነው፤ ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ የሳሙና ውሃ ይርጩባቸው። አንዱን ሲያርሱት ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ አገኙት ማለት ነው። ዘይት ወይም ግሪስ ግን አይቀቡ፤ ላስቲኩን አሳብጦ ያበላሸዋል። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ።

ሾክስ? የተበላሸ ሾክ ከድምፁ ይልቅ በሌላ ምልክት ነው የሚታወቀው። ዘይት ያፈሳል፤ ወይም መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላም እየዘለለ ይቀጥላል። የሾኩ የላይኛው መያዣ ግን ሲላላ ሊጮህ ይችላል። አንድ ሰው መኪናውን ከኋላ ሲጫነው እርስዎ እጅዎን መያዣው ላይ ቢያሳርፉ ምቱ ይሰማዎታል።

የኔዋ ምን ሆነች?

ሾኮቿ ደረቅ ነበሩ፤ ጉብታ ላይም ጸጥ ትላለች። በሁለቱም በኩል የስታቢላይዘሩን ሊንክ ፈትተን ጭር ባለ የሰፈር መንገድ በዝግታ ስንነዳት ያ «ቋ ቋ» ጠፋ። (ሊንኩ የተፈታ መኪና ኩርባ ላይ ስለሚጋደም ዋና መንገድ ላይ አይወጣም።) ነገር ግን ፍሬን ሲያዝ ሌላ «ጓ» ቀረ። በቀኝ በኩል ያለውን የሦስተኛውን ዘንግ ጫፍ በጠንካራ ብረት ስናነቃንቀው ጎሚኒው ለሁለት ተቀዶ ታየ።

ይህ ሁለተኛው ግኝት ከድምፅ ያለፈ ነው። ጎሚኒው ሲቀደድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያይበት አቅጣጫም ይዛባል። ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። በአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ፣ በዝናብ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ቢያዝ ግን መኪናዋ ከኋላ ልትንሸራተት ትችላለች። ሾኮቹን ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ይወጣ፣ አደጋውም ባለበት ይቀር ነበር።

ጥገናው ላይ የሚዘለለው ነገር

ሁለቱን ሊንኮችና የሁለቱንም ጎን ጎሚኒዎች አስቀየርኩ። አንዱ ካረጀ እኩያውም ተከታይ ነውና። ጎሚኒው በመዶሻ እየተመታ ሳይሆን በፕሬስ ነው መግባት ያለበት።

ከሁሉ በላይ አጥብቀው ይጠይቁ የምለው ግን ይህን ነው፦ የዘንጎቹ ቡሎን ጨርሶ መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ራሱ ነው የሚጠመዘዘው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ዘወትር እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል። «ጎሚኒ ቀይሬ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ጮኸ» ከሚሉት መኪኖች ብዙዎቹ እንደዚህ የተጠበቁ መሆናቸውን እጠረጥራለሁ። ዘንጎቹ ከተፈቱ በኋላም የጎማዎቹ አቅጣጫ በአላይመንት መሣሪያ መታየት አለበት።

ራሳቸው ለመፈተሽ ለሚሹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ፤ የብረት መቆሚያ ይደገፍበት። ሞላ መፍታት ደግሞ የታመቀው ጉልበት ሰው ሊገድል ስለሚችል መሣሪያው ላለው ባለሙያ ይተውት።

ጋራዥ ሲሄዱም «ከኋላ ይጮሃል» ብቻ አይበሉ። የት መንገድ ላይ፣ በስንት ፍጥነት፣ ፍሬን ሲይዙ ነው ወይስ ሲለቁ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ከዚያም መካኒኩን አብሮዎት እንዲነዳ ይጠይቁት፤ ዕቃ ግዙ ከማለቱ በፊት የተበላሸውን ክፍል በእጁ አነቃንቆ ያሳይዎት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ ሥራውን ያቀልለታል እንጂ።