የጨርጨሩ ገዥ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ

ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ የሐረርና የጨርጨር ደጋ ቡና ወደዚህች ከተማ ይወርድ ጀመር። ከደጫቱ ወንዝ ወዲህ፣ ከዚራ፣ የባቡር ጣቢያውና የመሥሪያ ቤቶቹ ሰፈር ሆነ። ከደጫቱ ማዶ፣ መጋላ ውስጥ፣ ቅስት በሮች ያሉት የቀፊራ ገበያ አለ። ባለአገሩ ሸክሙን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። ከሽያጩ ስንቱ እጁ ላይ እንደሚቀር የሚወስነው ግን ገበያው ብቻ አልነበረም፤ የደጋው ገዥም ነበር።

የዚያን ጊዜ ገዥ በወር ደመወዝ አይተዳደርም። ለእሱና ለወታደሮቹ ገባር ይደለደልላቸዋል፤ ገባር ማለት ለተመደበበት ሹም እህል፣ ማርና ጉልበት የሚያቀርብ ገበሬ ነው። በየመንገዱ ደግሞ የቀረጥ መቀበያ ኬላ አለ። ግብር የሚያስገባው፣ የሚፈርደውና ጦር የሚያዘው አንድ ሰው በመሆኑ የተበደለ ገበሬ አቤት የሚለው ለዚያው ለበደለው ሹም ነበር።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ወደዚህ ሥርዓት የመጡት ሌላ አገር አይተው ነው። በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንን ሆኑ። ጅጅጋን አስተዳደሩ፤ ጨርጨርን ሲሾሙ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ቆረቆሩ። ጨርጨርም በእሳቸውና ኋላ በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዘመን ለአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ፣ አርአያ ግዛት ሆነ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የጃፓንን አብነት አድርገው ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ከጣሊያን ጋር ከተፈጠረው የወልወል ግጭት በኋላ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተሟገቱ።

ጦርነቱ ተጀምሮ የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተነሡ። ግንቦት 1 ቀን ጣሊያኖች ድሬዳዋ ላይ ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት የንጉሡን ከአገር መውጣት አጥብቀው የተቃወሙ ሰው ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ግን እሳቸውም ተሰደው በጅቡቲና በኤደን በኩል ማዳጋስካር ገቡ። ነጻነት በ1933 ሲመለስ አልተመለሱም፤ ዓመታት እዚያው ቆዩ።

በዚህ መካከል የገዥነት ሥራ ራሱ ተለወጠ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ገዥውን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚሠራ ደመወዝተኛ አደረገው። ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባ ጀመር፤ የራሱ ጦርም ቀረ። ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ ሲመለሱ ያገኙት ይህን አገር ነው። የቀድሞውን ሥልጣን አላገኙም፤ ጨርጨር ውስጥ፣ ሂርና ላይ፣ በግብርና ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከፖለቲካው የራቁበትን ምክንያት ከንጉሡ ጋር በነበራቸው ቅራኔ ብቻ መፍታት ይቀናል። ቅራኔው እውነት ነው፤ በእኔ ግምት ግን ግማሹን ብቻ ያስረዳል። ከጦርነቱ በፊት ተክለ ሐዋርያትን የመሰለ ሰው አንድ አውራጃ ይዞ እንደ ሐሳቡ ሊያስተዳድረው ይችል ነበር። ከ1934 በኋላ ለውጡ ከአዲስ አበባ በአዋጅ ይመጣል፤ ገዥው ያስፈጽመዋል። ሥርዓቱ ጨርጨር ላይ ወደተሞከረው አስተዳደር ሲቀርብ፣ በራሱ ሐሳብ የሚሞክር ገዥ ግን ቦታ አጣ።