ዳይስ፣ ነጥብ ወይስ ጨረታ? ገጸ ባሕሪ የምንቀርጽባቸው መንገዶች



የሚና ጨዋታ ጥቂት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይዘው፣ ታሪክ በጋራ የሚያወሩበት ጨዋታ ነው። ዶርም ውስጥ እንጀምር ሲባል ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ዳይሱስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ የተያዘበት ጨዋታ ቁማር ነው፤ ሐራምነቱ አያከራክርም። ያለ ገንዘብም ቢሆን ብዙሃኑ ዑለማ ሶሒሕ ሙስሊም ላይ ስለ ነርድ በተዘገበው ሐዲስ መነሻ በዳይስ መጫወትን ከልክለዋል፤ መክሩህ ያሉም አሉ። ስለዚህ ጨዋታ ስንመርጥ ገጸ ባሕሪው እንዴት እንደሚቀረጽ ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ ምን አለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ዕቃ የሚሠራ ወጣት እንቅረጽ።

አንደኛው መንገድ ዳይስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ስድስት ችሎታዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ ውጤቱ ከ3 እስከ 18 ነው። ለልጃችን ጉልበት 5 ከወጣ መዶሻውን አስቀምጦ ደላላ ቢሆን ይሻለዋል። በ1977 የወጣው «ትራቭለር» ደግሞ የገጸ ባሕሪውን ያለፈ ሕይወት ጭምር አራት አራት ዓመት እየቆረጠ በዳይስ ይወስናል። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ገጸ ባሕሪው ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችላል!

ሁለተኛው ነጥብ መሸመት ነው። የስቲቭ ጃክሰን «ገርፕስ» በ1986 ሲወጣ ለጀማሪ ገጸ ባሕሪ የተለመደው መነሻ 100 ነጥብ ነበር። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ የብረት ሥራ ሙያ ሁሉም ዋጋ አላቸው። ልጃችን ዓይኑ ደካማ ነው ብንል ነጥብ ይመለስልናል፤ በእሱ ሌላ ሙያ እንገዛለታለን። ሁሉም ተጫዋች እኩል ይጀምራል። ሆኖም ቀረጻው ያለ ዳይስ ቢያልቅም፣ ጨዋታው ራሱ ሦስት ዳይስ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ለመርካቶ ልጅ ማስረዳት የማያስፈልገው ነው፦ ጨረታ። በ1991 የታተመው «አምበር» ለእያንዳንዱ ተጫዋች 100 ነጥብ ሰጥቶ በአእምሮ ኃይል፣ በጉልበት፣ በጽናትና በውጊያ ችሎታ ላይ ያጫርታል። የጠሩት ነጥብ ቢሸነፉም አይመለስም። ስለዚህ ልጃችን በጉልበት አንደኛ ለመሆን ሁሉን ካፈሰሰ በሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚያ በኋላም ዳይስ የለም፤ ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ብልጫ ያለው ያሸንፋል፣ ደካማው በብልሃት ካላመለጠ በስተቀር።

እንግዲህ ዳይስ ስላለ ብቻ የሚና ጨዋታን በሙሉ መተው አያስፈልግም፤ ዳይስ ስለሌለ ብቻ ደግሞ ሁሉም ነገር ተፈቀደ ማለት አይደለም። የታሪኩን ይዘት መመርመር፣ የተጠራጠሩትንም ኡስታዝ መጠየቅ ይገባል። ለመጀመር አራት ጓደኛ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አዛን ሲሰማ ግን ታሪኩ ይቆያል፤ ሶላት አይቆይም።

ወላሁ አዕለም።