ከእርቁ ወረቀት ላይ የተሰረዘው መስመር

የመኪና አደጋ ጉዳይ ይዞ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ብቻውን አይመጣም፤ ወንድም፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ከሌላኛው ወገን የተላኩ ሽማግሌ አብረው ይቀመጣሉ። እኚህ እናት ግን ብቻቸውን መጡ። (ማንነታቸውን የሚያሳብቀውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።) እንጀራ ጋግረው ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። መንገድ ዳር አይሱዙ ገጭቷቸው የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ልፈርም ወይስ ይቅር?»

የእርቅ ስምምነት ነው። ሽማግሌዎቹ 30,000 ብር ይዘው መጥተዋል፤ የሾፌሩ እናት እግራቸው ላይ ወድቃ አልቅሳለች፤ «እርቅ ደም ያድርቅ» ተብሏል። የእሳቸውም ልብ ራርቷል። «የልጁን እንጀራ ዘግቼ የት ልደርስ ነው?» ይላሉ። ከፊርማው ቦታ በላይ ያለው የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ በዚህ አደጋ ምክንያት በማንም ላይ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም።

«እትዬ፣ እስቲ ሲጋግሩ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሳቁና ቀኝ እጃቸውን እያዞሩ ሊጡን ጨመሩ፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ፋይል እንደ ሰፌድ በግራ እጃቸው ይዘው ከእንጀራው ሥር ሊያስገቡ ሞከሩ። አንጓቸው አልታጠፍ አለ። ፋይሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። አጎንብሰን ወረቀት ስንለቅም ሁለታችንም አልተናገርንም።

ሕክምናቸው አላለቀም፤ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ አልወሰነም። ስንት እንደሆነ ባልታወቀ ነገር ላይ ነበር ዋጋ የተቆረጠው።

ሰው የሚያምታታው ሾፌሩንና የመኪናውን ባለቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2081፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ እሱ ራሱ ጥፋት ባይኖርበትም። ሾፌሩ በወንጀል ችሎት ነጻ ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም። እናም ለልጁ ማዘን አንድ ነገር ነው፣ የመኪናውን ባለቤት መጠየቅ ሌላ። «ሦስተኛ ወገን ይከፍላል» የሚባለው መድንም ጣሪያ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው 40,000 ብር ነበር። የቀረው ከባለቤቱ ነው።

ሁሉንም ግን ክሰሱ አልልም። በዚያው ሰሞን የመጣ ወጣት ጣቱ ተሰብሮ ድኗል፤ ከሥራ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፤ የሚፈልገው «የተሠቃየሁበትን ዋጋ» ነው። አንቀጽ 2116ን አወጣሁለት፦ የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ገንዘብ ነበር። አንብቦ፣ ደግሞ አንብቦ፣ «ይሄ ለራይድም አይበቃ» ብሎ ሄደ። ባለዕዳው ከተከራየው ባጃጅ በቀር ምንም የሌለው ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ፍርዱ ይገኛል፣ አፈጻጸም ላይ ግን የሚያዝ ንብረት የለም። የዳኝነት መክፈያ ያጣ በደሃ ደንብ ሊከስ ይችላል፤ ያ ግን የተከሳሹን ኪስ አይሞላም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይርጋ ነው። ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈ፣ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር፣ ክሱ ይቀራል። ሽምግልና ደግሞ አይቸኩልም፤ ፋሲካ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ ይባላል። ከዚህ በፊት አንድ አባት ሽማግሌ ሲጠብቁ ከርመው፣ ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ መጥተውብኛል።

እትዬን የቸገራቸው ማስረጃ ነበር። ደረሰኝ የለ፣ ግብር የለ። «በቀን ስንት ይጋግሩ ነበር ሲባሉ በምን ያስረዳሉ?» ስላቸው ዝም አሉ። በሳምንቱ ጥጓ ዘይት የጠጣች የተማሪ ደብተር ይዘው ተመለሱ፤ አንዱ ምግብ ቤት እንጀራ ሲረከብ የሚጽፍባት። ሰኞ 60፣ ማክሰኞ 60፣ ዓርብ 75፤ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ባዶ። «ልጄ፣ ይቺ ትረባለች?» እኔ ከዚያች የተሻለ ማስረጃ ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ባይችል እንኳ ሕጉ ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል፤ ርትዑ የሚነሳበት ቁጥር ግን ያስፈልገዋል።

እርቁን አላፈረስነውም። «በማንም ላይ» የሚለውን መስመር ሰርዘን፣ እርቁ ከሾፌሩ ጋር ብቻ መሆኑን፣ ባለቤቱንም ሆነ መድን ሰጪውን እንደማይመለከት ጻፍንበት። አንዱ ሽማግሌ ተቆጡ፤ ሌላኛው ሁለቴ አንብበው ቀድመው ፈረሙ። 30,000ውም ለሕክምና ዋለ።

ከዚያ የመኪናውን ባለቤት ከሰስን፤ እሱም በመልሱ ሴትየዋ በድንገት መንገድ ውስጥ ገብተው ነው ብሏል። የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ስለሚያስቀንስ ቀላል ክርክር አይደለም። መዝገቡ ለምስክር ተቀጥሯል። መንገድ ዳር ቆመው እንደነበር ከሚመሰክሩልን ሦስት ሰዎች አንዱ ሾፌሩ ነው።