የልጆች እግር መጣመም፦ በጊዜው ከታየ የሚቃና፣ ከዘገየ የሚከብድ

አዲስ አበባ፦ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በፒያሳ ዙሪያ የነበሩት የቆዩ ሰፈሮች ቤቶቻቸው የተደጋገፉ፣ መተላለፊያቸውም የጠበበ ነበር። ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉት በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ከመነሣታቸው በፊት፣ በቀትር እንኳ ፀሐይ የማይዘልቃቸው ክፍሎች ጥቂት አልነበሩም። የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት በምትባል ሀገር ሕፃናት ፀሐይ አጥተው አጥንታቸው ይለሰልሳል ቢባል ለማመን ያዳግታል። ይሁን እንጂ ይህ በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል።

በሽታው ሪኬትስ ይባላል። አጥንት ለመጠንከር ካልሲየም ያስፈልገዋል። ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም በሚገባ እንዲያልፍ የሚረዳው ደግሞ ቆዳ በፀሐይ ጨረር የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ነው። ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት በሚል ተሸፋፍኖ በጨለማ ክፍል ሲከርም ቫይታሚኑ ያጥረዋል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው፤ የመስኮት መስታወትም ጠቃሚውን ጨረር ያግዳል።

ሕፃኑ መቆም ሲጀምር የለሰለሰው አጥንት ክብደቱን መሸከም ይሳነዋል። የአንዳንዱ እግር እንደ ደጋን ይለጠጣል። የሌላው ደግሞ ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ ከጉልበት በታች ያለው እግር ወደ ውጭ ይርቃል። ይህ ሁለተኛው በሕክምና ቋንቋ "ቫልገስ" ይባላል።

ጉዳቱ በእግር ላይ ብቻ አይወሰንም። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ በ1989 ዓ.ም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ።

የተጣመመ እግር ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። ሕፃናት ሲወለዱ እግራቸው እንደ ደጋን ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ይቃናል። በሦስትና በአራት ዓመታቸው ጉልበቶቻቸው ይቀራረባሉ፤ ይህም እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ በራሱ ይስተካከላል።

ከዚህ ዕድሜ በኋላ ልጁ ጉልበቶቹን አገናኝቶ ሲቆም በቁርጭምጭሚቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ8 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ጋት ገደማ ከበለጠ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። አንዱ እግር ብቻ ከተጣመመ፣ ሕመም ወይም ማንከስ ካለ፣ ወይም ቁመቱ ከእኩዮቹ ካነሰ ዕድሜ መጠበቅ አያስፈልግም።

በ1741 እ.ኤ.አ. "ኦርቶፔዲክስ" ለሚለው ስያሜ መነሻ የሆነውን ቃል የፈጠረው ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ በመጽሐፉ ያኖረው ሥዕል፣ ከቀጥ ያለ እንጨት ጋር የታሰረ ጠማማ ለጋ ዛፍ ነበር። ችግኝ የሚያሳድግ ገበሬ ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ የሚቃናው ለጋው ነው።

በሪኬትስ የተጣመመ የትንሽ ልጅ እግር ብዙ ጊዜ በቫይታሚን ዲና በካልሲየም ሕክምና እየተቃና ይሄዳል። በዚህ ካልተስተካከለና ልጁ ገና በማደግ ላይ ከሆነ፣ ሐኪሙ በጉልበት አጠገብ ባለው የአጥንት ማደጊያ ላይ፣ በውስጠኛው ጎን ትንሽ ብረት ያስራል። የውስጡ እድገት ሲገታ የውጪው ይደርስበታል፤ እግሩ ሲቃና ብረቱ ይወጣል። እድገት ካበቃ በኋላ ግን ያለው አማራጭ አጥንቱን ቆርጦ ማስተካከል ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታሎች ይህን መሰል ሕክምና ይሰጣሉ።

በወጌሻ ማሳሸትና በቀርከሃ ማሰር የአጥንትን እድገት አያቀናም። አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን አግዶ እግርን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

መከላከያው በየደጁ አለ። የጤና ባለሙያዎች ሕፃናት በየዕለቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ልብሳቸው ወልቆ ከቤት ውጭ ፀሐይ እንዲሞቁ ይመክራሉ። እግሩ የተጣመመን ልጅ ከሰው ዓይን መሸሸግ ግን ሊታከም የሚችልበትን ዕድሜ ያባክናል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።